ጥገናው ከበሩ አልፎ ይግባ፦ ስለ ጁገል ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በሐረር ጁገል የቤት ጥገና ፈቃድ ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ በጁገል ቤት ላላችሁ፣ ለተከራያችሁ፣ ለምታሠሩና ለምትሠሩ ሁሉ
ጉዳዩ፦ የጥገና ፈቃድ የቤቱን ውስጥ ጭምር እንዲመለከት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በግንብ የታጠረችው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጁገል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የቅዱሳን መዘከሪያ ሥፍራዎች፣ እንዳሏት ተጽፎላታል። እዚያው ጽሑፍ ላይ ከከተማዋ ቅርስ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቁት መኖሪያ ቤቶቿ፣ በተለይም የውስጥ አሠራራቸው እንደሆነ ሰፍሯል። ዛሬ ጥገና ሲባል ግን ዓይን የሚያርፈው መንገድ ዳር ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ቀለም ከተቀባና የግቢው በር ከታደሰ ሥራው አምሯል ይባላል። ከበሩ ወዲያ ነደባው፣ ማለትም በደረጃ የተሠራው መቀመጫ፣ ፈርሶ ወለሉ ሴራሚክ ቢለብስ የሚጠይቅ የለም። የጁገልን ቤት የምንገነባ፣ የምንለስንና የምንኖርበት ሰዎች ይህን የጻፍነው ፈቃዱ ከበሩ አልፎ እንዲገባ ነው።

የሐረሪ ወግ አብዛኛው የሚፈጸመው በጌ ጋር፣ ማለትም በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ነደባ ላይ ነው። ኒካሕ ሲታሰር፣ ዚክሪ ሲደረግ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ በደስታና በሐዘን የሚረዳዳው ማኅበር አፎቻ ሲሰበሰብ ሰው ጫማውን ታች አውልቆ ወደ ነደባው ይወጣል። ነደባ በድንጋይና በአፈር ተሞልቶ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ እንደ አልጋና ሶፋ የሚነሳ ዕቃ ሳይሆን የቤቱ አካል ነው። የተሟላ ቤት አምስት ነደባ አለው። አሚር ነደባ የባለቤቱ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከበር የሚገባውን ሁሉ ያያል። ጊድር ነደባ ሰፊው ነው። ጢት ነደባ ከእሱ ያንሳል። ሱትሪ ነደባ ገለል ያለው ነው፤ ገብቲ አሔር ነደባ ደግሞ ከበሩ ኋላ ይገኛል። ማን የት እንደሚቀመጥ ለቤቱ ልጅ በቃል የሚያስተምረው የለም፤ እየወጣና እየወረደ ያድጋል፣ ከፍታውን እግሩ ያውቀዋል።

ነደባ የሚፈርሰው በአብዛኛው ለሶፋ ሲባል ነው። ሶፋ ደልዳላ ወለል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሁለቱን ዝቅተኛ ነደባዎች አስነስቶ አንድ ያደርጋቸዋል፣ አሚር ነደባን ይተዋል፤ ባህሉን የጠበቀ ይመስለዋል። ለቅሶ የመጣ ዕለት ችግሩ ይታያል። ነደባ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይቀመጥ የነበረው የአፎቻ ሰው ሦስት ሶፋ ከገባበት ክፍል ተርፎ ደጅ ድንኳን ያስተክላል። በጁገል ጠባብ መንገድ ላይ ድንኳን ተተከለ ማለት መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ያን ጊዜ አቤቱታው ወደ እናንተው ይመጣል።

ሌላው ስህተት ሳይታሰብ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ነደባውን አላፈርስም ብሎ በላዩና በወለሉ ሴራሚክ ያስነጥፋል። ከሥር የሚፈሰው አርማታ፣ ማጣበቂያው ሲሚንቶና ሴራሚኩ ሲደመሩ ወለሉና እያንዳንዱ ነደባ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። የበሩ ደፍ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ በሩ አይከፈትም፤ ከታች ይቆረጣል። ቁመቱ በልክ የተሠራ የተቀረጸ የጥድ በር በመጋዝ ሲቆረጥ ማየት ለማን ደስ እንደሚለው አናውቅም። አፈር የሞላው ነደባ ደግሞ እንደ ወቅቱ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፣ ትንሽም ይሰጥማል። ሴራሚኩ አብሮት አይሰጥምምና በጥቂት ክረምት ውስጥ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፤ ካልሲ ብቻ ያደረገ ሽማግሌም ይንሸራተትበታል።

ቀዩ አፈር ቦታው ላይ ቢቀር ይህ ሁሉ አይመጣም። የቤቱ ወለልና የነደባው ፊት በቀይ አፈር ይቀባል። ቀይነቱ በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አፈሩ ደርቆ ይደቅቃል፣ በጥሩ ወንፊት ይነፋል፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል። ጠጠሩ ታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ለስላሳው ተቀድቶ ይወሰዳል። የሚቀባው ወለል አስቀድሞ ተጠርጎ በጥቂቱ ይረጠባል፤ ደረቅ ወለል ላይ ከተቀባ ውሃውን ወዲያው ይጠጣውና ቀለሙ ዱቄት ሆኖ እግር ላይ ይመጣል። ቀጭን ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ወፍራም አድርጎ በአንድ ጊዜ መጨረስ የሚወድ ሰው አለ፤ እሱ የቀባው በሳምንቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለበዓልና ለሠርግ ማደሱ ከሴራሚክ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው፤ ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ነው።

የጁገል ግድግዳ ሐሺ በሚባለው የአካባቢው ድንጋይ፣ በጭቃ ተጣብቆ የተገነባ ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር ያላነሰ ስለሆነ ቀን ሙቀቱን ይከለክላል፣ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋው ከፍታችን የሌሊቱንም ብርድ ያለዝባል። ይህ ግድግዳ ሁልጊዜ ጥቂት እርጥበት አለው። ከመሠረቱ ይስባል፣ ከዝናብ ይጠጣል፣ በጭቃና በኖራ ልስኑ በኩል ደግሞ መልሶ ይተነፍሰዋል። ድሬዳዋ በጣሊያን ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተክሎባት ሲሚንቶ አፍንጫችን ሥር ስለሆነ፣ ልስን ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ሆኗል። የሲሚንቶ ልስን ጠንካራ ነው፤ ግድግዳው ግን ለስላሳ ነው። ቤቱ በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ ልስኑ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። በዚያ ስንጥቅ ዝናብ ይገባል። መውጫ ግን የለውም፤ ሲሚንቶው ዘግቶበታል። ከኋላ ያለው ጭቃ ይረጥባል፣ ጨው ያብባል፣ ድንጋዩን የያዘው ጭቃ እየላላ ይሄዳል።

ባለቤቱ ይህን ለረጅም ጊዜ አያየውም፤ ልስኑ ከፊት ደህና ነው። በጣት ቢንኳኳ ግን ባዶ ቆርቆሮ የተመታ ያህል ይጮኻል። በመጨረሻ ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም፣ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል። ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ገደማ ባለው የግድግዳ ክፍል ጉዳቱ ይብሳል፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት የሚደርሰው እዚያ ነውና። ይህን አይቶ «ሲሚንቶው አነሰ» ብሎ የሚያወፍር ግንበኛ አለ። እርጥበቱ ያን ጊዜ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መውጫ ይፈልጋል፤ ዛሬ ጉልበት ላይ የነበረው እድፍ ለከርሞ ደረት ላይ ይደርሳል። የዘይት ቀለምም ያው ነው። ለማጽዳት ይመቻል ተብሎ የነደባውን ጀርባ የዘይት ቀለም መቀባት የተለመደ ሆኗል፤ ውጤቱ ፊኛ የመሰለ እብጠት ነው።

ትክክለኛው ልስን ይህን ይመስላል። ለልስን የሚሆን አፈር ተነፍቶ ከተፈጨ የጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በየቀኑ በእግር እየተረገጠ ቢያንስ ሳምንት ይቆያል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምርና ጭቃው ሲሸት ደርሷል። ሽታው የሚያስቀይመው ሰው ቢኖር ከደረቀ በኋላ ይጠፋለታል። ሙሉ ግድግዳ ከመለሰን በፊት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሚሆን ቦታ ይለሰንና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከተሰነጠቀ ሸክላነቱ በዝቷልና አሸዋና ጭድ ይጨመራል። በእጅ ሲታሽ ከተራገፈ ሸክላ አንሶታል። ልስኑ በአንድ ጊዜ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ትናንሽ ድንጋይ እየተሰካ ይሞላል እንጂ በጭቃ ብቻ አይሞላም። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ውሃ ይረጫል። በቀትር ፀሐይ የተለሰነ ፊቱ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ስለዚህ ወይ ጧት፣ ወይ ጥላ ሲዞር ነው የሚሠራው።

ከዚያ ኖራ። ከእቶን የወጣ ኖራ ድንጋይ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ዓይንንም ያጠፋል፤ ኖራው ቀስ እያለ ውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በብዛት ኖራ ላይ አይደፋም፣ ልጆችም አጠገቡ አይቆሙም። ፈልቶ ሲበርድ ውሃ ከላዩ ሳይጠፋ ተሸፍኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። የቆየ ኖራ እንደ እርጎ ይሆናል። ትናንት በውሃ ፈልቶ ዛሬ የተቀባ ኖራ ውስጡ ያልበሰለ ፍንካች ስለሚቀር ግድግዳው ላይ ሆኖ ሲፈላ ልስኑን እንደ ፈንጣጣ ይበሳዋል። ለመቀባት እንደ ወተት ይቀጥናል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ አራትና አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ሲቀባ የማያሳይ፣ የማይነጣ ይመስላል፤ ንጣቱ ሲደርቅ ነው የሚመጣው። ይህን የማያውቅ ቀለም ቀቢ አልነጣም ብሎ አወፍሮት ያበላሻል።

ጽሕፈት ቤቱ ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዳሉት እናምናለን። ነገር ግን የጥገና ሥራ በጨረታ ሲወጣ የሥራው ዝርዝር «የሲሚንቶ ልስን፣ በካሬ ሜትር» ብሎ ይመጣል፤ የሥራው ጊዜም ይወሰናል። ጭቃ ለመዘፍዘፍ ሳምንት፣ ኖራ ለማቆየት ሳምንታት፣ ሙከራውን ለማድረቅ ቀናት የሚፈልግ ሥራ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይገባም። ኖራ አዋቂው ግንበኛ ወይ ይሸነፋል፣ ወይ ያሸንፍና ሲሚንቶ ይለስናል። ኖራው ከጨረታው አስቀድሞ በውሃ ፈልቶ በጉድጓድ ተሸፍኖ የሚጠብቅበት አንድ ቦታ ቢዘጋጅ የችግሩ ግማሽ ይቃለላል። ቦታ ብዙ አይጠይቅም፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ውሃ የማያስገባ ጉድጓድ ለብዙ ቤት ይበቃል።

ጣሪያው አጭር ነገር ነው፤ ግን ቸል ከተባለ የቀረውን ሁሉ ያፈርሳል። የድሮው ጣሪያ ጥቅጥቅ ብሎ በተደረደረ እንጨት ላይ ድንጋይና አፈር ተጭኖ የተሠራ ጠፍጣፋ ነው። ብዙዎች በላዩ ቆርቆሮ አድርገዋል፤ ይህን አንነቅፍም። የምንነቅፈው አሸንዳ የሌለውን ቆርቆሮ ነው። የክረምቱን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ መስመር የግድግዳው እግር ላይ ይጥለዋል፣ የጎረቤቱንም ጭምር። አሸንዳው ከበልግ በፊት ይጠረግ፣ ውሃውም በቱቦ ወደ መፍሰሻው ይድረስ።

እንጨቱ ላይ ሁለት ነገር እንበል። ጥድ እንደልብ በማይገኝበት ዘመን ባሕር ዛፍ መጠቀም ግድ ነው፤ እርጥቡን ተቆርጦ በሳምንቱ የተሰቀለ ባሕር ዛፍ ግን ይጠማዘዛል፣ ጣሪያውንም ያነሳል። ልጡ ይላጥ፣ ጥላ ሥር ተነባብሮ ወራት ይቆይ። የጣሪያው እንጨት ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ዙሪያው በሲሚንቶ አይደፈን፤ አየር ያጣ ጫፍ ቀድሞ ይበሰብሳል፣ ምስጥም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ ዘይት መቀባት በየቦታው ይታያል። በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ሽታው ለዓመታት አይለቅም፣ ኖራም አይይዝለትም፣ ጥቁሩ በነጩ ላይ እየወጣ ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ እንደ ትርፍ ስለሚቆጠሩት ነገሮች። ኪርታት የምትባለው ጎን ያለች ጠባብ ክፍል አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያውን ሳምንት የሚቆዩባት ናት፤ ምግብ የሚቀበሉባት ትንሽ መስኮትም አላት። በጥገና ጊዜ ኪርታት መታጠቢያ ቤት ትሆናለች። ምክንያቱ ይገባናል፤ ቤተሰብ ሽንት ቤት ያስፈልገዋል። ግን ከጭቃ በተሠራ ግድግዳ መሐል የውሃ ቧንቧ ማስገባት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። አንድ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ሲታወቅም ወለሉ ሰጥሟል። መታጠቢያው ግቢው ውስጥ፣ ከዋናው ቤት በአንድ እርምጃ ርቆ፣ በራሱ ግድግዳ ይሠራ። እዚያ ሲሚንቶም ሴራሚክም ቢሆን ማንም አይከለክልም።

ግድግዳው ውስጥ የተቆረጡት ጣቄቶች፣ ማለትም የግድግዳ ጉድጓዶቹ፣ ቁርአንና ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። ልስን የሚለስን ሰው ጠርዛቸውን በቱምቢና በውሃ ልክ ቀጥ ሊያደርጋቸው ይሞክራል፤ አይሞክር። በእጅ የተቆረጠ ጠርዝ ጠማማነቱ ጥፋት አይደለም። የሴቶቹ ስፌት የሚሰቀልበት ችካልም አብሮ ይቀራል፤ ሙሽራ ይዛው የምትመጣው፣ ለአማት የሚሰጠው ስፌት ሁሉ የሚታየው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው፣ ያለ ቅደም ተከተልም አይሰቀልም። ልስን ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ችካል ቦታ ፎቶ ይነሳ። ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ እንጨትም ብዙ ጊዜ «ምን ያደርጋል» ተብሎ ይነሳል። ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያሳይበት የነበረ ቦታ ነው ይባላል። ዛሬ ምልክቱን የሚጠብቅ ጎረምሳ ባይኖርም እንጨቱ ቦታውን አይፈጅም።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት የዞሩ ቤቶች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተከፋፍሎ የሚኖርባቸው አሉ፤ ጊድር ነደባው ለአንዱ፣ አሚር ነደባው ለሌላው ደርሶ በመሐሉ ኮምፔንሳቶ ቆሟል። ተከራዮቹን የምንወቅስበት ነገር የለንም፣ መኖሪያ ነው የያዙት። ኮምፔንሳቶው ነደባው ላይ በሚስማር ሳይሆን በራሱ እግር እንዲቆም፣ ግድግዳው እንዳይሰረሰር፣ ማገዶም ዋናው ክፍል ውስጥ እንዳይነድ ማድረግ ግን ይቻላል። እሳት የሚነድበት ክፍል ጣሪያው በጥላሸት ሲጠቁር እንጨቱን ማየት አይቻልም፤ ምስጥ ገብቶበት እንደሆነ የሚታወቀው ሲሰበር ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ፈቃዱ የቀለምና የግቢ በር ፈቃድ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ባለሙያ ወደ ቤቱ ይግባ፤ የእያንዳንዱን ነደባ ከፍታ ከበሩ ደፍ ጀምሮ በውሃ ጎማ፣ ማለትም ውሃ ሞልቶት የከፍታ ልክ በሚያሳይ ቱቦ፣ ይለካ፣ ቁጥሩም ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ሥራው ሲያልቅ ያው ሰው ያንኑ ጎማ ይዞ ይምጣ። በሐሺ ድንጋይና በጭቃ በተሠራ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስንና የዘይት ቀለም በውስጥም በውጭም አይፈቀድ። የጨረታው ዝርዝር «የጭቃና የኖራ ልስን» ብሎ ይጻፍ፤ የመዘፍዘፊያውና የማቆያው ጊዜ በሥራው ቀን ላይ ይደመር፤ ክፍያውም ይህን ያስብ። የኖራ ጉድጓዱን ለመቆፈር ጉልበት እኛ እናዋጣለን፤ ቦታውን እናንተ ስጡን። ሲሚንቶ አስቀድሞ የተለሰነባቸውን ቤቶች በተመለከተ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፍረስ አንልም። ባዶ የሚጮኸው ብቻ በእጅ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይነሳ፤ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ያለው ይቅደም፤ ግድግዳውም አንድ የበጋ ወቅት ሙሉ ተራቁቶ ይድረቅ። ሳይደርቅ የሚለሰን ኖራ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሐረሪዎች በዓል ሸዋል ዒድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ በዝቷል፤ ቤታቸውን ለማሳየት ወይም ለማደሪያ ለማከራየት የሚያሳድሱ ሰዎችም በዝተዋል። ብዙው ሥራ የሚጀመረው ከመስከረም በኋላ ስለሆነ የለካችሁት ቁጥርና አዲሱ የሥራ ዝርዝር እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቢደርሰን ለመጪው በጋ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጁገል ግንበኞችና የቤት ባለቤቶች
ሐረር